ጋሽ ነገራ የሞቱበት እሁድ

«ዛሬ ጥሩምባቸውን ይቀሟቸዋል» አለች ሻሽቱ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ። ከማን ጋር እንደምታወራ አይታይም። ሹክ ማለቷ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው አልሆነላትም። «በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስረው ሊያዞሩ ነው። ደግ አደረጉ! የደቅሲሳ እናት ያረፉ ዕለት እኮ፣ ማርያምን፣ አዲስ ካፌ የተመረቀ መስሎኝ ሊፒስቲክ ተቀብቼ ነው የወጣሁት።»

ኡርጂ ልብስ እያሰጣች ነበር። የአጎቷን አንድ እግር ካልሲ እንደያዘች ቆመች። አጥሩን ዞራ ሄዳ «እትዬ ሻሽቱ፣ ይሄ ነውር ነው» ማለት አማራት። በሐሳቧ ደጋግማ አለችው፤ ድምፅዋንም አስተካከለች፤ ከዚያ ካልሲውን ሰቀለችው። ዩኒቨርሲቲ በቆየችባቸው ዓመታት ሁሉ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የተናገረችው አንዴ ነው፤ እሱም መስኮት እንዲዘጋላት ነበር። ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ አጎቷ ቤት ተቀምጣለች፤ ሥራው ሲዘገይ ደግሞ የቤቱ ልብስ፣ የቤቱ ውሃና የቤቱ መልእክት ሁሉ በእሷ እጅ ገባ።

አጎቷ ጋሽ ነገራ የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲያርፍ፣ ሊነጋጋ ሲል ተነስተው፣ ያን አንገቱ ላይ የተበየደ ረጅም ጥሩምባ ይዘው ከሆስፒታሉ በላይ እስከ ገበያው ሥር ይዞራሉ። ሦስት ጊዜ ቀጥ አድርገው ይነፉና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት በኦሮምኛም በአማርኛም ይናገራሉ። ጥሩምባው የእድሩ ንብረት ቢሆንም ቤት ውስጥ እንደ ሰው የራሱ ቦታ አለው፤ ከአልጋቸው ራስጌ ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ በክረምት ብርድ ልብስ ይለብሳል። መቱ ውስጥ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ «ጋሼ ነገራ፣ እዚህ ይቀመጡ» የሚላቸው ለዚሁ ጥሩምባ ነው። ማንም ሰው አንድ ቀን ስሙን እሳቸው እንደሚጠሩት ስለሚያውቅ ከወዲሁ ይለማመጣቸዋል።

ነገሩ የተበላሸው ከወር በፊት የኡርጂ ስልክ አልጋቸው አጠገብ ቻርጅ ሲደረግ ነው። ዘፈን እየተጫወተ ረስታው ወጣች። ዝግ ያለ ዘፈን ነበር። ከበሮው ሲሚንቶ ወለል በቀስታ የሚጠርግ መጥረጊያ ይመስላል። ቤዝ ጊታሩ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ በካልሲ ይራመዳል። ዘፋኟ አሁን ከእንቅልፏ የነቃች ናት፤ ቃሉን ትጀምረውና ግማሹን ለራሷ ታስቀረዋለች። እሷ ስትተው ሳክስፎኑ ይቀበላታል፤ ወደ ላይ ይወጣል፤ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ታጠፍ ብሎ ይመለሳል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቁጭ ይላል። ኡርጂ ስትመለስ ጋሽ ነገራ ጫማቸውን ግማሽ አጥልቀው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ይሄን ጥሩምባ የሚነፋው ማነው?» አሉ።

«ሳክስፎን ይባላል፣ ጋሼ።»

«ማን ሞቶበት ነው?»

«ማንም አልሞተበትም።»

ሁለተኛውን ጫማ በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ። «ማንም ሳይሞት?» አሉ በመጨረሻ፤ እንደ ቀላል ነገር አልነበረም አባባላቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡና ወደሚቀመጥባት የጓሮ ክፍል ጥሩምባውን ይዘው መግባት አመጡ። ጥሩምባ ያለ ሟች አይነፋም፤ ስለዚህ ድምፁ ከግቢ እንዳይወጣ አፉን በጋቢ ይወትፉታል። ጋቢው ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ድምፁ ወፍራምና ጭስ የጠጣ ሆነ፤ ቁርጥ የኡርጂ ስልክ። የደቅሲሳ እናት ያረፉ ዕለት ሁለቱን ጥሪ በደንቡ ነፍተው ሦስተኛው ላይ ያች መታጠፊያ አመለጠቻቸው። ባጃጆች ቆመው አዳመጡ። ልቅሶው ላይ ሰው ዘግይቶ፣ ፊቱ ፈታ ብሎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ ይባላል።

እትዬ በየነች፣ ሚስታቸው፣ ያን ቀን በሰፈሩ ፊት አፈሩና ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከተቱ፤ ከባላቸውም ጋር መነጋገር አቆሙ። ይህም ሲባል ቤቱ ዝም አለ ማለት አይደለም፤ ሁሉም ነገር በኡርጂ በኩል ያልፋል። ዛሬም ቁርስ ላይ የተቀቀለ ጎደሬ ከመሀል ቀርቦ ሦስቱም ዙሪያውን ተቀምጠዋል።

«ኡርጂ፣ ለአጎትሽ ንገሪው፤ ሚጥሚጣው ከጉልበቱ ሥር ነው።»

«ለአክስትሽ ንገሪያት፤ አይቼዋለሁ።»

ኡርጂ መጀመሪያ አካባቢ እውነትም ትናገር ነበር፤ አሁን ወደሚመለከተው ሰው ፊቷን ማዞር ብቻ ይበቃል። እትዬ በየነች ጥጡን ከግራ ጆሯቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት። «ደግሞም ንገሪው፤ ዛሬ እድሩ ፊት እንደ ሰው ይናገር። ሽንኩርት መቶ ሃያ በገባበት አገር ሰው ሞቱ እንኳ በወጉ አይከበርለትም?» ጋሽ ነገራ ጎደሬውን ላጡ።

ከቁርስ በኋላ ኡርጂን ወደ ቡናዋ ክፍል ጠሯት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ገና ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና በጆንያ ተደርድሮባታል፤ ሰው ሲገባ ጆንያ ላይ ነው የሚቀመጠው። «አብደታ ዛሬ ቃሌን ይጠይቀኛል» አሉ። አቶ አብደታ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። «ወደ ድሮው ተመልሻለሁ ልለው ነው። ግን ልዋሽ አልፈልግም። ስሚኝና መስክሪልኝ።» ጋቢውን ወትፈው ነፉ። የመጀመሪያው ቀጥ አለ። ሁለተኛውም ቀጥ አለ። ሦስተኛው ጀመረ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ ሄደና ልክ መጨረሻው ላይ ትከሻቸው ዝቅ አለ፣ ዓይናቸው ተከደነ፣ ድምፁም ታጠፈ።

«አየሽ?» አሉ ተናደው። «ምን እንደሚነካኝ አላውቅም።»

«ከመታጠፉ በፊት ቢያቋርጡትስ፣ ጋሼ?»

አቋረጡት። ጉሮሮዋ ውሃ የገባባት ጊደር የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ ጓሮ የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ። ደግመው ሞከሩ፤ ይኸኛው የባሰ ነበር። በመጨረሻ ጥሩምባውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በጋቢው ጫፍ አፉን ጠረጉት። «ሱታ የገባ ነገር» አሉ፤ ሱታ ማለት ቀስታ ነው፤ «ቸኩሎ አይወጣም።» ኡርጂ ዘፈኑን ከስልኳ ማጥፋት እንዳለባት ታሰባት፤ አላጠፋችውም።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ ኅዳር ቢገባም መቱ ዝናቡን አላመነችውም። እድሩ ግቢ በር ላይ የፋኦል ባጃጅ ቆሟል፤ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች እንደ በግ ቀንድ ጣሪያው ላይ በገመድ ታስረዋል። ፋኦል በአዘቦት ቀን በእነዚሁ ድምፅ ማጉያዎች ፍራሽ ያስተዋውቃል። ጋሽ ነገራ ጥሩምባውን በብብታቸው ይዘው ባጃጁን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ጎማው ደህና ነው» አሉና ገቡ።

አዳራሹ እንኳ አዳራሽ አይደለም፤ ግማሹ ዕቃ ቤት ነው። ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ የድንኳኑ ሸራና ብረት አንድ ወገን ተከምሯል፤ ሰው በሌላው ወገን አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ደቅሲሳ ተነስቶ በመጀመሪያ ተናገረ። «እኔ ከጋሼ ነገራ ጋር ጠብ የለኝም» አለ። «ግን እናቴን በካፌ ሙዚቃ ነው የቀበርኳት። ከጎሬ የመጡ ዘመዶቻችን ‹አዝማሪ ናቸው እንዴ?› ብለው ጠይቀውኛል።» ሰው ሳቅ መጣበትና ሳሉን አበዛው። ጋሽ ነገራ አንገታቸውን ደፍተው «ልክ ነው» አሉ። ኡርጂ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ «የኔ ስልክ ነው ጥፋቱ» ልትል አስባ ስልኳን ነጠላዋ ሥር ደበቀችው።

አቶ አብደታ ሁለቱንም እንፈትን አሉ። ወዲያው ግን ጥሩምባው መፈተን እንደማይችል ሁሉም አስታወሰ፤ ሟች ከሌለ አይነፋም። ድምፅ ማጉያው ግን ጥሩምባ አይደለም፤ ለእሱ የወጣ ደንብ የለም፤ ይፈተን ተባለ። አሁን ስም ያስፈልጋል። ማን ይሙት? አንድ ሽማግሌ «አብደታ፣ ሐሳቡ ያንተ ነው፣ ያንተ ስም ይጠራ» አሉ፤ አቶ አብደታ ደም ግፊት እንዳለባቸውና ገና ልጅ እንዳልዳሩ አስረዱ። የሌለ ሰው ስም ይፈጠር ተባለ፤ የተፈጠረው ስም ሁሉ መቱ ውስጥ ባለቤት ተገኘለት። ቀድሞ የሞተ ሰው ይጠራ ያለም ነበር፤ ደቅሲሳ «እናቴን ሁለት ጊዜ?» ብሎ ተነሳ። ክርክሩ ማለቂያ ሲያጣ ጋሽ ነገራ ቀስ ብለው ቆሙ።

«የኔን ጥሩት» አሉ። «ዛሬ ጥሩምባውን ከወሰዳችሁብኝ ያው ሟች ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ፋኦል ፍላሽ ላይ የሚቀዳበትን ዕቃ አመጣ፤ አቶ አብደታ ጉሮሯቸውን ጠርገው በሁለቱም ቋንቋ ተናገሩ፤ አቶ ነገራ ማረፋቸውን፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን፣ በመጨረሻም ይህ ሙከራ እንደሆነና ሕዝቡ እንዳይደናገጥ። ችግሩ ፋኦል የሰፈሩ ልጅ ነው። ከተወለደ ጀምሮ የሰማው ጥሪ ሁሉ የሚያልቀው በቀብሩ ሰዓት ነው፤ «ዘጠኝ ሰዓት» ሲባል መቅጃውን ዘጋ። ቀሪውን አቶ አብደታ ለአየሩ ተናገሩት። «እስከ አስፋልቱ ደርሰህ ና» አሉት፤ ወጣ።

ድምፁ የሚያስደንቅ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሆነው እያንዳንዱ ቃል ይሰማቸው ነበር። አቶ አብደታ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ፈገግ አሉ፤ ደቅሲሳም ራሱን ነቀነቀ፤ ጋሽ ነገራ ራሳቸው «ጥርት ይላል፣ እውነቱን ለመናገር» አሉ። ከዚያ ድምፁ እየራቀ ሄደ። አስፋልቱ ጋ ደረሰ፤ አልተመለሰም። ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ሁሩሙ መውጫ ዞረ። አቶ አብደታ ስልክ ደወሉ፤ ይጠራል፤ ፋኦል አያነሳም። ኮንትራት የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ ጭኖ ኖሯል፤ ከራሱ ጩኸት የተነሳም ስልኩን አይሰማም። የጋሽ ነገራ ማረፍ ወደ ሁሩሙ ሲጓዝ ሁሉም አንገቱን ወደዚያው አዞረ።

የእድር ተረኞች ጥሪ ሲሰሙ ጥያቄ አይጠይቁም፤ ደንባቸው ነው። ጥቂት ሳይቆይ ስምንት የሚሆኑ ጎረምሶች አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፤ የድንኳኑን ብረት ተሸከሙ፤ ድስቶቹን አወጡ፤ ከዚያ ወደ አግዳሚዎቹ ዞሩ። ኮሚቴውን አስነሱ፤ ደቅሲሳን አስነሱ። «ይነሱ፣ ጋሼ፤ አግዳሚው ለልቅሶ ይፈለጋል» አለ አንዱ ጋሽ ነገራን፤ እሳቸውም የለመዱት ነገር ነውና ተነሱለት፤ ጥሩምባውን በአንድ እጅ ይዘው አግዳሚውን ሊያግዙት ጫፉን አነሱ።

«የማን ልቅሶ ነው?» አሉት፣ ለወጉ።

«የጋሽ ነገራ…» ብሎ ቀና አለ። አግዳሚው እግሩ ላይ ወደቀ።

ልጁ እያነከሰ ሲጮህ በር ላይ ሌላ ጩኸት ተቀበለው። ሻሽቱ በአንድ ወገን፣ ሌላ ጎረቤት በሌላ ወገን ደግፈዋቸው እትዬ በየነች መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ጥጡ በጆሯቸው የለም። ሰው ገለል ብሎ መሀል ቦታ ለቀቀላቸውና ደረታቸውን እየደቁ ሙሾውን አወረዱት፦

«ወይ ነገራዬ፣ ወይ ጥሩምባዬ፣
ማን ይንፋልህ ዛሬ፣ አንተው ሞተህብኝ!
ያች መታጠፊያህን ማን ያጥፍልኝ እንግዲህ፣
ጥጤን እያወጣሁ ማታ ማታ የሰማሁህ፣
አንድ ቀን እንኳን ‹ደስ ይላል› ሳልልህ…»

ሻሽቱም አብራ አለቀሰች፤ «ደስ ይል ነበር! ኧረ ደስ ይል ነበር!» እያለች፤ ሊፒስቲኳ ዛሬም አልቀረም። እትዬ በየነች ሁለተኛውን ዙር ሊጀምሩ እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ባላቸውን አግዳሚ እንደያዙ ቆመው አዩዋቸው። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ነገራ አግዳሚውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። እግሩን የተመታው ልጅ አሁንም ያቃስታል። በመጨረሻ እትዬ በየነች ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ኡርጂ» አሉ፣ «ለአጎትሽ ንገሪው፤ ሞቶ ከሆነ አይቁም፤ ካልሞተ ደግሞ ቤቱ ይግባ።»

ሳቁ የጀመረው ያኔ ነው፤ ግን አልቆየም። ውጭ ሰዉ እየበዛ ነበር። ከላይኛው ሰፈር ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀው በጭቃው እየወረዱ ነው። የጋሽ ነገራ ስልክ ይጮሃል፤ ወሬው በስልክ የደረሳቸው የጎሬዋ እህታቸው ናቸው፤ «አልሞትኩም» ሲሏቸው የሟች ስልክ ያነሳ ቀልደኛ መስሏቸው ሰድበው ዘጉባቸው። አቶ አብደታ ላብ በላብ ሆኑ። «ቤት ለቤት ሰው እንላክ» አሉ፤ መቱን ቤት ለቤት ማን ይዞራል? «ነገራ፣ በቃ ይንፉት! ወጥተው ይንፉና ለሕዝቡ ይንገሩ!» አሉ። ጋሽ ነገራ ጥሩምባውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ያለ ሟች አይነፋም» አሉ። «ደግሞስ ብነፋው፣ ሰው ምን ይላል? ሌላ ሰው ሞተ ነው የሚለው። ከአንድ ልቅሶ ሁለት እናደርገዋለን።» ልክ ነበሩ። ኮሚቴው ተያየ።

ኡርጂ እጇን አውጥታ ነበር። መቼ እንዳወጣችው ራሷም አላወቀችም። ማንም ስላላያት እጇን ከፍ አደረገችው፤ ከዚያ ደግሞ ድምፅዋ ሳይጠሩት መጣ።

«እንደ አዲሱ ይንፉት» አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ፊቷ ጋለ፤ መሬቱን እያየች ጨረሰችው። «ቀጥ ያለው ነው የሰው ሞት። የታጠፈውን ሲሰማ ማንም ለልቅሶ አልቸኮለም። እሱ… ማንም ያልሞተበት ነው።»

ደቅሲሳ ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ራሱ ስለ እናቱ ልቅሶ የተናገረውን አስታውሶ ዘጋው። አቶ አብደታ ጭንቅላታቸውን አሻሹ። «ጋቢ አምጡ» አሉ ጋሽ ነገራ።

የሻሽቱ ባል ጋቢ ተገኘ። ጥሩምባው ተወተፈ። ጋሽ ነገራ በር ላይ ቆመው እግራቸውን አደላደሉ፤ ትከሻቸው ዝቅ አለ፤ ዓይናቸው ተከደነ። ቀጥ ያለ ነገር አልነበረውም፤ ከመጀመሪያው ታጥፎ ወጣ። ወጣ፣ ዞር አለ፣ ትንሽ ቆመና ሌላ መንገድ ይዞ ተመለሰ። በጭቃው የሚወርዱት ሴቶች ቆሙ። አንዷ ነጠላዋን አቀናች። ጋሽ ነገራ እየነፉ መራመድ ጀመሩ፤ ሱታ ሱታ፤ ሰዉም ተከተላቸው፤ በዚያ ድምፅ ፈጥኖ መራመድ አይቻልምና ሁሉም እንደ እሳቸው ሆነ። ድንኳን የተሸከሙት ተረኞች የት እንደሚያወርዱት ስላልተነገራቸው ተሸክመው ተከተሉ፤ ብረቱ ትከሻቸው ላይ እየተጋጨ እንደ ጸናጽል ምት ሰጠ። ሰው ከየበሩ ወጥቶ ያያል፤ ይስቃል፤ «ደህና ናቸው!» ብሎ ለቀጣዩ ቤት ይጮሃል። አቶ አብደታ ከኋላ እየሄዱ ለጸሐፊያቸው ይናገሩ ነበር። «ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍ፤ ድምፅ ማጉያው ሰው ሲሞት፤ ጥሩምባው ሰው ላልሞተበት ቀን ይቆይ።»

«ሰው ባልሞተበት ቀን ሁሉ ሊነፉ ነው ማለት ነው?» አለ ደቅሲሳ።

ጸሐፊው መጻፉን አቆመ። አቶ አብደታ ጥቂት አሰቡ። «ቀኑን በኋላ እንወስናለን» አሉ።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ከሁሩሙ በኩል አንድ ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ አቶ ነገራ ማረፋቸውን፣ ቀብሩም ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን እየተናገረ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ፋኦል ባጃጁን አቁሞ ሰልፉን አየ፤ ጥሩምባውን አየ፤ ከጥሩምባው ጀርባ ያለውን ሰው አየ።

«ጋሼ!» አለ ደንግጦ፤ «ሁሩሙ እኮ ሰዎች አልቅሰውልዎታል!»

ጋሽ ነገራ ጥሩምባውን ከአፋቸው አወረዱ። ድምፅ ማጉያው ላይ ስማቸው አንድ ጊዜ ተጠራ፤ ደገመ፤ ፋኦል ፍላሹን ነቀለው። ድንገት ጸጥ አለ። ድንኳን የተሸከሙትም ቆሙ። እትዬ በየነች ከኋላ መጥተው ከኡርጂ ጎን ቆሙ፤ የጠፋች ጫማቸውን ከየት እንደሆነ አግኝተው በእጃቸው ይዘዋል። ባላቸው በግማሽ ዓይናቸው ወደ እሳቸው አዩ። እትዬ በየነች ግን ባጃጁን ነበር የሚያዩት።

«ኡርጂ» አሉ፣ «ለአጎትሽ ንገሪው፤ መታጠፊያዋን ይድገማት።»

ኡርጂ ፊቷን ወደ አጎቷ አዞረች።